ፓምፑን ከማውረዳችሁ በፊት፦ እየሄደ ስለሚጠፋ ናፍጣ መኪና ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በሹፌሮች ስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ናፍጣ መኪና እየሄደ ለምን እንደሚጠፋ፣ ሲጠፋስ ምን መደረግ እንዳለበት ይመክራል። ጋራዥ የሚመጡ ደንበኞች ከፍተው ያሳዩናል። አንዳንዶቹማ አንብበው፣ ወስነው ነው የሚመጡት። "ወንድሜ ብዙ አትድከም፣ ፓምፑን ብቻ አውርድልኝ" ይላሉ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለዚህ ነው። ፓምፕ ማውረድ ቀልድ አይደለም። አብሮ የሚወርደው የሰው ደሞዝ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይኸው ነው። ናፍጣ ሞተር መንገድ ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የፓምፕ ወይም የኢንጀክተር (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው) ነውና ቀድሞ እሱ ይውረድ። በኮምፒውተር ታይቶ የብልሽት ኮድ ካልወጣ የኤሌክትሪክ ችግር የለም። ጠፍቶ፣ ቆይቶ፣ ሲቀዘቅዝ ከተነሳ ሞተሩ ግሏልና ተርሞስታቱ ይውጣ። ካንዴላ ይቀየር። ታንከር ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ወይም ላምባ ቢጨመር መስመሩን ያጥባል። መንገድ ላይ ፊልትሮ ከተዘጋ ፊልትሮውን ዘልሎ ማገናኘት፣ ኤር ከሳበም የኢንጀክተሮቹን ቱቦ እያላሉ ማስነሳት ይቻላል። በመጨረሻም ሞተሩ እየሄደ ሲጠፋ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ቁልፉን ዘግቶ፣ እየተንከባለሉ እንደገና ማስነሳት ነው።

የምስማማበት ነገር አለ። ናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይሠራም። አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ራሱ ይቀጣጠላል። ጸሐፊው ይህን ለማንም በሚገባ አማርኛ አስረድተዋል። ከዚህ ተነስተው ግን እንዲህ ይላሉ። ሞተሩ ናፍጣ፣ አየርና እመቃ ካለው አይጠፋም። አየርና እመቃ ድንገት አይቋረጡም። ስለዚህ የተቋረጠው ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚገፋው ፓምፕ ነው። እንግዲያው ፓምፑ ይውረድ።

ሲሰሙት ያሳምናል። የሚፈርሰው መጨረሻው ላይ ነው። ናፍጣ ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ የግድ ፓምፑ መበላሸት የለበትም። ታንከሩ ውስጥ ሊታገድ ይችላል። መንገድ ላይ ኤር ሊቀላቀልበት ይችላል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ ናፍጣውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ጽሑፉ ሁለት ዘመን ቀላቅሏል። ባለ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ወይም ባለ ፋይቭ ኤል ሃይሉክስ ሜካኒካል ፓምፕ ነው ያለው። አንዴ ከተነሳ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው አንድ ገመድ ነው፤ ፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ክፍት አድርጎ የሚይዘውን። በ1997 እ.ኤ.አ. አልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያድል) ይዞ ከወጣ ወዲህ ግን የቤት መኪና ናፍጣ ሌላ ነገር ሆኗል። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ዲፎርዲ (የቶዮታ ኮመን ሬይል) ሃይሉክሶች ኢንጀክተራቸው የሚከፈተው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላወቀ ትእዛዝ አይሰጥም። ፓምፑ አዲስ ቢሆን፣ ታንከሩ አፉ ድረስ ቢሞላ፣ ያው ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩ መጀመሪያ ሊጠይቃችሁ የሚገባው "እንዴት ጠፋ?" ብሎ ነው። ቁልፍ እንደተዘጋ ጭጭ አለ? ወይስ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያነሰው፣ እየተንተፋተፈ ጠፋ? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ተቀበሉት።

ጭጭ ካለ የምትፈልጉት ኤሌክትሪክ ነው። በ80 እየሄደ፣ ምንም ሳይል ከጠፋና ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ከተነሳ፣ ፓምፑን ተዉት። ፓምፕ በአንድ ቅጽበት የሚቆመው ዘንጉ ሲሰበር ወይም ሲነክስ ነው። ያ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

እንዲህ ሲጠፋ ዳሽቦርዱን እዩ። የባትሪና የዘይት መብራት ቦግ ካሉ መኪናው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፣ የቆመው ሞተሩ ነው። ዳሽቦርዱ ከጨለመ፣ ሬዲዮው አብሮ ከተቋረጠ ግን ነገሩ ቀላል ነው። የባትሪ ተርሚናል፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ኔጌቲቭ ገመድ፣ ዋናው ፊውዝ፣ የቁልፍ ቤት። ስለ ቁልፍ ቤት ከተነሳ፣ የቤት፣ የሱቅ፣ የመጋዘን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት የምትሰኩ ሰዎች አላችሁ። ፒስታ መንገድ ላይ ያ ክብደት ሲወዛወዝ የሚበላው የቁልፍ ቤቱን ኮንታክት ነው። የመኪናውን ቁልፍ ለብቻው ያዙት።

ሁለተኛ የምታዩት የአርፒኤም መርፌውን ነው። ይህችኛዋን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሷትም። ማንዋል ማርሽ ከሆነና ፍሪሲዮን ካልረገጣችሁ፣ ሞተሩ ቢጠፋም ጎማው እያዞረው ነው። እየዞረ ስለሆነ መርፌው መቆም የለበትም። በአብዛኞቹ ኮመን ሬይል መኪናዎች መኪናው እየተንከባለለ መርፌው ዜሮ ላይ ዱብ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን የሚያውቅበት ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ይህን ምልክት ወደሚሰጠው ክራንክ ሴንሰርና ወደ ገመዱ ሂዱ። መርፌው ከጎማው ጋር እየወረደ ሞተሩ ግን ከሞተ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አንድ ዲፎርዲ ሃይሉክስ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አይለውም። ጎሐ ጽዮንን አልፎ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲል እልም። ቆመው ሻይ ካፈሉ በኋላ ይነሳል። ሌላ ቦታ ፓምፑ ወርዶ ተጠግኖለት ነበር። ተመልሶ ያው። እኛ ጋ ሲመጣ ያደረግነው ይሄ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ፣ ከሥር ተኝተን ክራንክ ሴንሰሩ ላይ የጸጉር ማድረቂያ አዞርንበት። ትንሽ ቆይቶ መርፌው ዘለል ዘለል አለ። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ከተማ ውስጥ ያን ያህል አይግልም፤ ከበረሃው ወጥቶ ሽቅብ ሲጫን ነው የሚግለው። የተቀየረችው አንዲት ሴንሰር ናት። ለፓምፑ የተከፈለው ግን አልተመለሰም።

አሮጌው ዓይነት ሞተር ካላችሁ ፍተሻው ከዚህም ይቀላል። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሪኖ ሳትመቱ ጆሯችሁን ፓምፑ አጠገብ አድርጉ። ሶሌኖይዷ "ጠቅ" ትላለች። ካላለች ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ። አሁንም ዝም ካለች ከባትሪው ፖዘቲቭ በሌላ ገመድ ቀጥታ ስጧት። በዚህ ከሠራችና መኪናው መጥፋቱን ከተወ፣ ጥፋቱ ከቁልፍ ቤት እስከ ፓምፕ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ይህ ለፍተሻ ብቻ ነው። እንደዚያው አስራችሁ እንዳትተዉት፤ ሞተሩ በቁልፍ አልጠፋ ይላችኋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት አጠፋፍ ልሂድ። እየተንገጫገጨ፣ ሽቅብ ላይ ጉልበት እያጣ የሚጠፋው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ናፍጣ አጠረው ማለታቸው ልክ ነው። ግን ናፍጣው ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ስንት ቦታ እንደሚያልፍ አልነገሩንም። ከታንከሩ ሥር ባለች ወንፊት ይገባል። በብረት ቱቦ ወደፊት ይመጣል። በጎማ ቱቦና በፋሼታ (ቱቦ ማጥበቂያ) ይያያዛል። ፊልትሮ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ የእጅ ፓምፕ አለች። ከዚያ ነው ዋናው ፓምፕ። በብዙዎቹ ናፍጣ መኪናዎች ዋናው ፓምፕ ይህን ሁሉ መንገድ ናፍጣውን ስቦ ነው የሚያመጣው። ስለሚስብ ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። "ከሥር ደረቅ ነው፣ ምንም አያፈስም" ተብሎ የሚታለፈው ለዚህ ነው።

ፍተሻው ርካሽ ነው። ንጹህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ንጹህ ናፍጣ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ። ከታንከር የሚመጣውን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ነቅላችሁ መሳቢያውን ጀሪካኑ ውስጥ ክተቱ። የመመለሻውንም ቱቦ ወደዚያው መልሱት። ከፊልትሮ ወደ ፓምፕ የሚሄደውን ጎማ ደግሞ በዚያ በሚያሳየው ቱቦ ተኩት። ጀሪካኑን ኮፈኑ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እንዳትሰቅሉት። ከፍ ካለ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አየር የሚስበውንም ቀዳዳ ይደብቅባችኋል። ጋቢና ወለል ላይ፣ ረዳቱ እግር ሥር ይቀመጥ። ከዚያ መኪናው የሚጠፋበትን ዓይነት መንገድ ንዱት።

በጀሪካን ሳይጠፋ ከሄደ ፓምፑ ነጻ ነው። ጥፋቱ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ባለው ውስጥ ነው። በጀሪካንም እየሄደ በሚያሳየው ቱቦ ውስጥ አረፋ ተከታትሎ ካለፈ ፊልትሮው ቤት፣ ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ወይም የእጅ ፓምፗ ነው አየሩን የምታስገባው። እዚህ ላይ በቀላሉ ትያዛለች። ብዙ ጊዜ ፊልትሮ ሲቀየር የድሮው ጎሚኒ ተመልሶ ይገባል፣ ወይም አዲሱ ተጣሞ ይቀመጣል።

ታንከሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው መተንፈሻው ነው። ናፍጣ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሲጠፋባችሁ ወዲያው የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። ሽሽሽ ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ደህና ከሄደ አገኛችሁት። ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። የጀሪካኑ አፍ የታሰረበት ፌስታል ቁራጭ አብሮ ይገባል። ታንከሩ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ መሳቢያው ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። መሳቡ ሲቆም ፌስታሉ ይላቀቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ መኪናው ይነሳል። ሰው "ሲቀዘቅዝ ተነሳ" ይላል። ከሙቀት ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ንጹህ ከሆነስ? ያኔም ቀጥታ ፓምፕ አይደለም። ዴንሶ የተባለው ፋብሪካ በሚሠራው ፓምፕ ላይ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ናፍጣ የምትመጥን ቫልቭ አለች። ጋራዥ ውስጥ ኤስ ሲ ቪ ይሏታል። ስትጣበቅ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ወይም መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ እጥፍ ይላል። በዲፎርዲዎቹ በሁለት ብሎን የታሰረች ናት። ፓምፑ ሳይወርድ ትቀየራለች፣ ከዚያ በስካነር ኮምፒውተሩ እንዲያውቃት ይደረጋል። ኢንጀክተሮቹም በመመለሻቸው ይለካሉ። በእያንዳንዱ መመለሻ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፣ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ በዚያ ኢንጀክተር ግፊቱ ያመልጣል። ሁሉም እኩልና መጠነኛ ከሆኑ፣ ግፊቱ ግን አሁንም ካነሰ፣ አዎ፣ ፓምፒስቱ ጋ ሂዱ። ጸሐፊው አንደኛ ያደረጉት የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ኮድ ከሌለ የኤሌክትሪክ ችግር የለም የሚለው ነው። ኮድ የሚመዘግበው ኮምፒውተሩ ነው። ለኮምፒውተሩ መብራት የምትሰጠው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ለቅጽበት ከተቋረጠች፣ የሚመዘግበው ራሱ ጠፍቷል። ገመድ ለአፍታ ተላቅቆ መልሶ ሲገጥምም ኮድ ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። በተቃራኒውም አለ። ፒ0335 ከወጣ የክራንክ ሴንሰሩ መስመር ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። መስመሩ፤ ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ገመዱ፣ ሶኬቱ፣ ሶኬቱ ውስጥ የገባው ዘይትና ውሃ ሁሉ ያንኑ ኮድ ያመጣሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የገመዱን እሽግ ክፍል በክፍል በእጅ ነቅነቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከስካነሩ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ስካነር ካለ ደግሞ ኮድ ብቻ አንብቦ መዝጋት ያሳዝናል። የሚፈለገው መኪናው እየሄደ የሚታየው ቁጥር ነው። ሁለት መስመር ክፈቱ። የሬይል ግፊትና አርፒኤም። በዲፎርዲ ሚኒሞ ላይ ግፊቱ 300 ባር ገደማ ይሆናል፣ ሲጫን ከ1,000 በላይ ይወጣል። ኮምፒውተሩ የጠየቀውና የተገኘው ጎን ለጎን ይታያሉ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል የተገኘው ግፊት ቀድሞ ከወረደ ናፍጣ ነው። ግፊቱ እንዳለ አርፒኤሙ ድንገት ዜሮ ከሆነ ምልክት ነው። ረዳቱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይቅረጸው። አንዲት እንዲህ ያለች ቅጂ ብዙ ክርክር ታስቀራለች። ጸሐፊው ኮዱን ለማጥፋት ባትሪ ንቀሉ ያሉትንም ተዉት። በብዙ መኪናዎች ላይ ኮዱን ብቻ ሳይሆን በጠፋበት ቅጽበት የተያዘውን መረጃ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ዲናሞውንም ያልጠቀሱት ገርሞኛል። አሮጌው ናፍጣ ዲናሞ ቢሞትም ብዙ ይሄዳል። ኮመን ሬይል ግን ባትሪው ሲወርድ ኮምፒውተሩም ኢንጀክተሮቹም ይደክማሉ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። 12 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጎደለው ግን ጂፒኤስ ነው። ዛሬ የድርጅት መኪና፣ ኪራይ መኪና፣ የጭነት መኪና ጂፒኤስ ወይም የፍጥነት መገደቢያ ያልተገጠመለት ስንቱ ነው? ብዙዎቹ ጂፒኤሶች መኪና ሲሰረቅ በርቀት ለማጥፋት የምትሆን ሪሌይ አላቸው። ሪሌይዋ የምትገባው የቁልፉን ወይም የናፍጣውን መስመር ቆርጦ ነው። ገጣሚው ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎ ዳሽቦርድ ሥር ይወትፈዋል። ከጥቂት ወር በኋላ ፕላስተሩ በሙቀት ይላላል፣ ሽቦው ይነቃነቃል። አንድ ሃይ ሩፍ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ብቻ ይጠፋ ነበር። ባለቤቱ ኢንጀክተር አስቀይሮ ጨርሷል። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈተን ያቺን ጥምዝማዝ ስንነካት ሞተሩ ጠፋ። ይህ በመጨረሻ የሚመረመር ነገር አይደለም። መኪናው ላይ በኋላ የተገጠመ ነገር ሁሉ፣ አላርም ሆነ ጂፒኤስ፣ መጀመሪያ ይታይ።

ሦስተኛው ተርሞስታት ነው። ይህ ምክር አገራችን ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ተሳክሯል። የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ እያለ የጠፋ መኪና ሞተሩ አልጋለም። የጋለው አንድ ዕቃ ነው። ሴንሰር ሊሆን ይችላል። በአሮጌዎቹ ላይ የፓምፑ ሆድ አርጅቶ ናፍጣው ሲግልና ሲቀጥን የሚያመልጥ ሊሆን ይችላል። ይህንን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ፓምፑ ላይ ብትጠመጥሙ ትለዩታላችሁ። በጨርቁ ከተነሳ፣ እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍርድ እሰጣለሁ፣ ፓምፑ ነው።

ተርሞስታቱን ማውጣት ግን በምንም በኩል አያዋጣም። የብዙ ቶዮታዎች ተርሞስታት ሁለት በር አለው። ሲግል ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን አቋራጭ ደግሞ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ይዞራል። ሜዳ ላይ ሞተሩ አልሞቅ ብሎ ናፍጣ ይበላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይፈላል። መፍላት ካስቸገራችሁ የራዲያተሩን ክዳን እዩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቆላ ላይ የማይፈላ መኪና ደጋ ላይ ይፈላል።

ካንዴላው ላይ ብዙ አልቆይም። የናፍጣ ካንዴላ ጠዋት በብርድ ለማስነሳት ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሄደ ካንዴላው ቢቃጠልም አይጠፋም።

አምስተኛው፣ ቤንዚንና ላምባ። ናፍጣ ፓምፕ ውስጥ ሌላ ዘይት የለም፤ ፓምፑን የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ላምባ ከናፍጣ ይቀጥናል፣ ቤንዚን ጭራሽ ያደርቃል። አሮጌው ፓምፕ ትንሽ ቻል ያደርጋል። ኮመን ሬይሉ ግን ብረት ከብረት መፋጨት ይጀምራል፣ የተፋጨው ደቃቅ ብረት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ስለ ፓምፕ የተጨነቀ ጽሑፍ ፓምፕ የሚገድል ምክር መስጠቱ አሳቀኝ። ናፍጣችሁን ከተጠራጠራችሁ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎን አላልታችሁ በሃይላንድ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ውሃ ካገኛችሁ ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ብዙ ከሆነ ታንከሩ ይውረድና ይታጠብ።

ስድስተኛው ላይ ግን ቀልድ የለም። ፊልትሮን ዘልሎ ማገናኘት የሚለውን ልለፈው፤ ኢንጀክተር ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር 1 ሺሕኛ ነው፣ ምን እንደሚሆን ገምቱት። አንድ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል። የሚያስፈራኝ ቱቦ ማላላቱ ነው። በአሮጌው ፓምፕ ኤር ለማውጣት የኢንጀክተር ቱቦ አላልቶ ሞተሪኖ መምታት የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። ኮመን ሬይል ላይ ግን በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 1,600 ባር ሊደርስ ይችላል። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው 8 ባር አካባቢ ነው። በቀጭኑ የሚወጣው ናፍጣ ጓንትም ቆዳም በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከላይ መርፌ የወጋው ነው የሚመስለው፤ ከውስጥ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። እንዲህ የሆነበት ሰው ባያመውም ያኑ ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ ናፍጣ በግፊት እንደገባበትም ይናገር። ኮመን ሬይል ላይ ኤር የሚወጣው በፊልትሮው የእጅ ፓምፕ ነው። እስክትጠነክር ድረስ ትጫኗታላችሁ፣ ከዚያ ሞተሪኖ። ስትጫኗት ስትጫኗት የማትጠነክር ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ሞተሩ ሲጠፋ ዜሮ ማርሽ፣ ቁልፍ መዝጋት፣ እንደገና ማስነሳት የሚለው ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከዘጋችሁት መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ቁልቁለት ላይ፣ በመታጠፊያ። ስለዚህ ቁልፉን አትንኩት። ዜሮ ማርሽም በማንዋል መኪና ያለችውን እርዳታ ያሳጣል። ማርሽ ላይ ከተዋችሁት ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ሞተሩ ሲዞር የመሪው ፓምፕም፣ ፍሬኑን የሚያቀለው የቫኩም ፓምፕም አብረው ይዞራሉ። ሞተሩም ራሱ መኪናውን ይይዛል። የተቋረጠው ምልክት ከተመለሰ ያለ ሞተሪኖ ራሱ ይነሳል። ዜሮ ላይ ከሆነ ግን ቫኩሙ ለሁለት ሦስት መርገጥ ያህል ነው የሚበቃው፤ ከዚያ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬን ሲጠነክር "ፍሬን የለም" ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። አለ፣ ግን በሙሉ ጉልበት መርገጥ ይፈልጋል። እየለቀቃችሁ አትርገጡ፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙት። አየር ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪናዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ እነሱን እዚህ አልቀላቅልም። አውቶማቲክም ከሆነ ጎማው ሞተሩን እንደ ማንዋል አያዞረውም፤ ዝም ብላችሁ ዳር ያዙ።

ፍሪሲዮን ወዲያው የሚረገጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ከመጥፋቱ በፊት የዘይት መብራት ከበራ፣ ሞተሩ ከተንኳኳ ወይም ጎማውን አንቆ ከያዘ። ያኔ ሞተሩ ነክሷል፣ ማዞሩ ይብስበታል፣ መልሳችሁም አታስነሱት።

ከዚህ ውጪ ግን አደጋ ጠቋሚውን አብሩ፣ ፍጥነቱ እያለ ዳር ያዙ፣ ቁሙ። ከቆማችሁ በኋላ ቁልፉን ሳትዘጉ ዳሽቦርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ወርዳችሁ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፣ የባትሪውን ተርሚናል ነቅነቅ አድርጉ፣ የእጅ ፓምፗን ተጫኑ። ጋራዥ ስትደርሱ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ካልጠየቃችሁም እናንተ ንገሩት።